የካሴቱ ድምፅ የት ገባ?

(በቂርቆስና በካዛንቺስ አካባቢ የቤተሰብ ካሴቶችን ወደ ኮምፒውተር ለሚገለብጡ ወጣቶች የቀረበ ንግግር)



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ቀጠሯችሁን አክብራችሁ፣ ካሴታችሁንም ይዛችሁ ስለመጣችሁ ጀዛኩሙላሁ ኸይረን። ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ላይ ላዩን ሲያዩት የቴክኒሽያን ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ከየቤቱ የተሰበሰቡትን የቪዲዮ ካሴቶች ወደ ኮምፒውተር ስንገለብጥ ምስሉ በትክክል ገብቶ ድምፁ ይቀራል። አንዳንዴ ጭራሽ አይኖርም፤ አንዳንዴ በአንድ ጆሮ ብቻ ይሰማል፤ አንዳንዴ ደግሞ ዜማው አለ፣ የሰዎቹ ንግግር ግን የለም። ለምን?

ጥያቄው ለምን እንዳሳሰበን አስቀድመን እንናገር። ኒካህን አስቡት። ኒካህ በቃል የሚታሰር ነገር ነው፤ ወሊዩ ይናገራሉ፣ ሙሽራው ይቀበላል፣ ምስክሮች ይሰማሉ። ድምፅ በሌለው ቪዲዮ ላይ የሚታየው የተጨባበጡ እጆችና የሚንቀሳቀስ ከንፈር ነው። ከዚያ ቀጥሎ ሽማግሌዎቹ መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ ሲያደርጉ ይታያል፤ ምን እንዳሉ ግን አይታወቅም። ከእነዚያ ሽማግሌዎች ብዙዎቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። የአንዳንዶቹ ድምፅ በዓለም ላይ የቀረው እዚያች ካሴት ላይ ብቻ ነው።

ሌላም አለ። በ2017 መግቢያ ላይ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲነሳ ጎረቤቶቻችን ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ሰፈሮች ሄዱ። ዕቃ በጥድፊያ ሲታሰር ነው ከአልጋ ሥርና ከቁምሳጥን ላይ እነዚህ ካሴቶች የወጡት። ግቢው የለም፤ ድንኳን የሚተከልበት መተላለፊያ የለም። ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ሲሠራ የሰጠው ስም ብቻ ቀርቷል። ካሴቱ ውስጥ ግን ከሙሽሮቹ ጀርባ የጎረቤት ጥሪ፣ የቆራሌው ጩኸት፣ የልጆች ጫወታ፣ ከሩቅ ደግሞ አዛንና የቤተ ክርስቲያን ደወል ተቀርጿል። ቀራጩ ይህን ሁሉ ሆን ብሎ አልቀረጸም፤ ማይክራፎኑ ነው የሰማው። ድምፁ ከቀረ ይህም አብሮ ይቀራል።

ስለዚህ ወደ ሥራው እንግባ። መጀመሪያ መያዝ ያለበት ነገር አንድ ነው፦ ድምፁ ኮምፒውተሩ ላይ የለም ማለት ካሴቱ ላይ የለም ማለት አይደለም። «ካሴቱ ተበላሽቷል፣ ድምፅ የለውም» ተብሎ ወደ ቆሻሻ ሊጣል የነበረ ካሴት እጃችን ገብቶ ሙሉ ድምፅ ሲያወጣ አይተናል። ድምፅ ከካሴት ተነስቶ ፋይል እስኪሆን ድረስ በብዙ በር ያልፋል። ከበሮቹ አንዱ ሲዘጋ ጥፋቱ የሚለጠፈው ካሴቱ ላይ ነው።

ካሴታችሁን ካሜራው ውስጥ ከታችሁ ገና ኮምፒውተር ሳታበሩ ሄድፎን ካሜራው ላይ ሰኩና አዳምጡ። ስፒከሩ ብቻ አይበቃም፤ የካሜራው ስፒከር አንድ ስለሆነ ግራና ቀኙን አይለይላችሁም። በሄድፎን ግን ግራው አለ? ቀኙስ? በሁለቱም ያለው ድምፅ አንድ ዓይነት ነው ወይስ የተለያየ? የሰማችሁትን ወረቀት ላይ ጻፉ። ካሜራው ላይ ተሰምቶ ኮምፒውተሩ ላይ ከጠፋ ችግሩ መንገድ ላይ ነው። ካሜራው ላይም ካልተሰማ ወደ ካሜራውና ወደ ካሴቱ እንመለሳለን። ይህች የሁለት ደቂቃ ማዳመጥ የቀናት ልፋት ታድናለች።

ይዛችሁ የመጣችሁት ካሴት ሦስት ዓይነት ነው። ትልቁ ቪኤችኤስ ነው። መካከለኛው የ8 ሚሊ ሜትር ነው፤ እሱም ቪዲዮ 8፣ ሃይ 8 ወይም ዲጂታል 8 ሊሆን ይችላል። ትንሿ ሚኒ ዲቪ ናት። ሚኒ ዲቪ በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣ የዲጂታል አሠራር ነው፤ ምስሉም ድምፁም በቁጥር ተቀርጾ ስለተቀመጠ መገልበጥ ማለት ቁጥሩን እንዳለ ማንሳት ማለት ነው። አንድ ሰዓት ካሴት 13 ጊጋ ባይት ያህል ይይዛል። ቪኤችኤስና ሃይ 8 ግን አናሎግ ናቸው፤ መንገዳቸው ሌላ ነው። ሰሞኑን በብዛት የመጣልን ሚኒ ዲቪ ስለሆነ ከእሱ እንጀምር።

ሚኒ ዲቪ የሚገለበጠው በፋየርዋየር ኬብል ነው። ሶኒ ካሜራዎች ላይ «አይ ሊንክ» ተብሎ የተጻፈበት ትንሽ ቀዳዳ እሱ ነው። ከጎኑ የዩኤስቢ ቀዳዳም አለ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። የዩኤስቢ ኬብል በየሱቁ ስላለና ፋየርዋየር ስለጠፋ በዩኤስቢ ይሰኩታል። በብዙዎቹ የቤት ካሜራዎች ላይ ያ ቀዳዳ የተሠራው ለፎቶ ማውረጃ ወይም ለቪዲዮ ጥሪ የሚሆን ደካማ ምስል ለመላክ ነው። ምስሉ ይመጣል፤ ደቃቃና የሚቆራረጥ ይሆናል፤ ድምፁ አይከተልም ወይም በሌላ መስመር ይመጣል። እንዲህ ከሆነባችሁ ካሜራውን አትመርምሩ፣ ካሴቱንም አትጠርጥሩ፤ ኬብሉን ቀይሩ። አሮጌ ላፕቶፖች ላይ ባለ 4 ፒን ፋየርዋየር ይገኛል፤ ለዴስክቶፕ ደግሞ የሚጨመር ካርድ አለ። አዲስ ዊንዶውስ ላይ ካሜራው ካልታየ «1394 ኦኤችሲአይ ሌጋሲ» የሚባለው ድራይቨር መጫኑን እዩ። አንድ ማሳሰቢያ፦ ፋየርዋየርን ስትሰኩና ስትነቅሉ ካሜራው ይጥፋ። ባለ 6 ፒኑ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ተገልብጦ ከተሰካ የካሜራውን ቀዳዳ ያቃጥላል፤ ያ ካሜራ ደግሞ ዛሬ ምትክ የለውም።

አሁን ዋናው ነገር ጋ ደረስን። ሚኒ ዲቪ ድምፅን በሁለት መንገድ ይቀርጻል። አንደኛው 16 ቢት ነው፤ በሴኰንድ 48,000 ናሙና፣ ሁለት ቻናል፦ ግራና ቀኝ። ሁለተኛው 12 ቢት ነው፤ በሴኰንድ 32,000 ናሙና፣ ግን አራት ቻናል፦ ሁለት ጥንድ። የመጀመሪያው ጥንድ «ስቴሪዮ 1» ይባላል፣ ካሜራው ራሱ የሰማውን ይይዛል። ሁለተኛው «ስቴሪዮ 2» ባዶ ሆኖ ይቆያል፤ በኋላ ድምፅ መጨመር የፈለገ ሰው እዚያ ላይ ይጨምርበታል። ብዙ የቤት ካሜራዎች ማንም ሜኑውን ካልነካው በ12 ቢት ነው የሚቀርጹት። ስለዚህ የቤተሰብ ካሴቶቻችን ውስጥ ባለ አራት ቻናሉ ጥቂት አይደለም።

ችግሩ ምንድን ነው? ብዙ የኤዲቲንግ ፕሮግራሞች የሚያነቡት የመጀመሪያውን ጥንድ ብቻ ነው። ሁለተኛው ጥንድ ላይ የአንድ አባት ማብራሪያ፣ «ይሄ የአጎትህ ልጅ ነው፣ ይቺ አክስትህ ናት» እያሉ በኋላ የጨመሩት ድምፅ ቢኖር ኮምፒውተሩ ምንም እንዳልተፈጠረ ያልፈዋል። ተቃራኒውም አለ፤ ካሜራው የሚያጫውተው ስቴሪዮ 2ን ብቻ እንዲሆን ተደርጎ ሳለ ያ ጥንድ ባዶ ከሆነ ካሴቱ ዱዳ ይመስላል። የሶኒ ካሜራ ከሆነ በማጫወቻው ሜኑ ውስጥ «ኦዲዮ ሚክስ» የሚል አለ፤ ከስቴሪዮ 1 ወደ ስቴሪዮ 2 የሚንሸራተት ነው። አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ አንሸራትታችሁ በሄድፎን ስሙ። «ሃይ ፋይ ሳውንድ» የሚለውንም እዩ፤ «ስቴሪዮ»፣ «1»፣ «2» የሚል ምርጫ አለው፤ 1 ወይም 2 ላይ ከተቀመጠ አንዱን ወገን ብቻ ያሰማችኋል። ካሜራ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የማን ጣት ምን እንደነካ አይታወቅም።

ልብ በሉ፤ ይህ ሜኑ የሚለውጠው በሄድፎንና በአናሎግ ኬብል የሚወጣውን ነው። በፋየርዋየር የሚሄደው ግን አራቱንም ቻናል እንደያዘ ይሄዳል። ስለዚህ ጥሬውን የዲቪ ፋይል እንዳለ ካስቀመጣችሁት ምንም አልጠፋም፤ ዛሬ ያላነበባችሁትን ጥንድ ከዓመት በኋላም ታወጡታላችሁ። ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ሁለቱን ጥንዶች ለየብቻ ያሳያችኋል። «ቦታ ይቆጥባል» ተብሎ በዚያው ቀን ወደ ኤምፒ 4 ተቀይሮ ጥሬው ከጠፋ ግን ሁለተኛው ጥንድ አብሮ ሄደ ማለት ነው። እኛ በዚህ ላይ አቋማችን የጸና ነው፦ ለስልክ የምትልኩትን ቅጂ እንደፈለጋችሁ አሳንሱ፣ ጥሬውን ግን አትንኩ። በሰዓት 13 ጊጋ ብዙ ነው የሚል ካለ፣ የአንድ ቤተሰብ አምስት ካሴት 65 ጊጋ ነው። ከአንድ ሙሽራ ልብስ ኪራይ በላይ አያስወጣም።

ፕሮግራማችሁ ስቴሪዮ 2ን በምንም መንገድ አልሰጥ ካለ ሌላ ዘዴ አለ። ኦዲዮ ሚክሱን ስቴሪዮ 2 ላይ አድርጉት፣ ከካሜራው የሄድፎን ቀዳዳ ወደ ኮምፒውተሩ የድምፅ መግቢያ ኬብል ዘርጉ፣ ድምፁን ብቻ በኦዳሲቲ ቅረጹና በኋላ ከምስሉ ጋር አጋጥሙት። አድካሚ ነው፤ ይሠራል ግን።

ከፋየርዋየር ሳንወጣ ሁለት ነገር በአጭሩ። የዲቪ ፋይል ዊንዶውስ ላይ «ታይፕ 1» እና «ታይፕ 2» በሚል ሁለት ዓይነት ይቀመጣል። ታይፕ 1 ድምፁን ከምስሉ ጋር አዋህዶ ይይዘዋል፤ አንዳንድ ፕሮግራም ይህን ሲከፍት ምስል ብቻ ያያል። ዊንዲቪ በሚባለው ፕሮግራም ስትገለብጡ ታይፕ 2 የሚለውን ምረጡ። ሁለተኛው፣ አንድ ካሴት መሃል ላይ ከ12 ቢት ወደ 16 ቢት ሊቀየር ይችላል፤ ኒካሁን አንድ ሰው፣ ቅልቅሉን ሌላ ሰው ስለቀረጸው። ድምፁ ከአንድ ቦታ ጀምሮ ከጠፋ፣ ወይም እንደ ሕፃን ከቀጠነ ወይም ከጎረነነ ምክንያቱ ይኸው ነው። የተቀየረበትን ቦታ ፈልጉና ከዚያ ጀምራችሁ እንደ አዲስ ፋይል ገልብጡት።

ወደ ቪኤችኤስና ሃይ 8 እንለፍ። እዚህ ሦስት ቀለም ያለው ኬብል ነው፦ ቢጫው ምስል፣ ነጩ የግራ ድምፅ፣ ቀዩ የቀኝ ድምፅ። ብዙ የድሮ ካሜራዎች ማይክራፎናቸው ሞኖ ስለሆነ ነጭ ብቻ አላቸው። ኮምፒውተሩ ላይ በግራ ጆሮ ብቻ ይሰማል፤ «ግማሹ ድምፅ ጠፋ» ይባላል። ምንም አልጠፋም፤ ያለው ያ ነው። ገልብጣችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ የግራውን ወደ ቀኝ ቅዱት፣ አለቀ።

ከዚህ የከፋው በአንድ በኩል ሦስት ቀለም፣ በሌላው በኩል እንደ ሄድፎን ያለ አንድ ጃክ ያለው ኬብል ነው። ጃኩ ላይ አራት ቀለበት አለ፤ የትኛው ቀለበት ምስል፣ የትኛው ድምፅ እንደሚይዝ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። ስለዚህ የካሜራችሁ ያልሆነ ኬብል ስትጠቀሙ ምስል ይጠፋል፣ ወይም ከአንዱ ስፒከር «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ ይመጣል። ያ ዝዝታ ምስሉ ነው፤ በድምፅ መስመር ገብቶ ነው። አዲስ ኬብል ለመግዛት ከመውጣታችሁ በፊት ቢጫውን በቀዩ ቀዳዳ፣ ቀዩን በቢጫው ቦታ እያቀያየራችሁ ሞክሩ። ብዙ ጊዜ በዚሁ ይፈታል።

በዩኤስቢ የሚሰካው የአናሎግ መገልበጫም የራሱ ጣጣ አለው። ምስሉና ድምፁ ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። ምስሉን መርጣችሁ ድምፁን ካልመረጣችሁ ፕሮግራሙ የላፕቶፑን ማይክራፎን ይወስዳል፤ የሰርጉ ምስል ላይ የእናንተ የቡና ወሬ ይቀረጻል! ዊንዶውስ 10ና 11 ላይ ደግሞ መገልበጫው እንደ ማይክራፎን ስለሚቆጠር፣ በግላዊነት ቅንብሩ ውስጥ ፕሮግራሞች ማይክራፎን እንዳይጠቀሙ ከተከለከለ ድምፁ ዝም ይላል፣ ማስጠንቀቂያም አይሰጥም። መጀመሪያ እዚያ ግቡና ፈቃዱን ክፈቱ።

አሁን አንድ አስቸጋሪ ነገር እንንገራችሁ፤ ብዙ ኤዲተሮችን ግራ ያጋባው ይህ ነው። ፋይሉን በሄድፎን ስትሰሙት የሼኹ ንግግር ጥርት ብሎ ይሰማል። ባለ አንድ ስፒከር ስልክ ላይ ስትከፍቱት ግን ንግግሩ ይጠፋል፤ የሕዝቡ ጫጫታ ብቻ ይቀራል። ምክንያቱ የተቀረጸ ዕለት ነው። ቀራጩ ድምፁን ከአዳራሹ ሚክሰር በባላንስድ መስመር ወስዶ በካሜራው ትንሽ የማይክ ቀዳዳ ሰክቶታል። ያ መስመር አንዱን ድምፅ በሁለት ሽቦ ይዞ ይሄዳል፤ አንዱ የሌላው ግልባጭ ነው፤ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል። ካሜራው ሁለቱን ሽቦ ግራና ቀኝ ብሎ ተቀበላቸው። ስልኩ ግራና ቀኙን ሲደምር ድምፆቹ እርስ በርስ ይጣፋሉ፤ አንድ ሲደመር አንድ ሲቀነስ ዜሮ ይሆናል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ኦዳሲቲ ውስጥ ግራና ቀኙን ለያዩና አንዱን «ኢንቨርት» አድርጉት፤ ወይም አንዱን ጥላችሁ ሌላውን በሁለቱም ወገን አስቀምጡ። የጠፋው ሰው ወዲያው ይመለሳል። ሄድፎን ላይ ብቻ አዳምጦ «ደህና ነው» ብሎ የሚያስረክብ ሰው ይህን አያገኘውም። ስለዚህ ሥራችሁን ከማስረከባችሁ በፊት በስልክ ስፒከርም ስሙት።

ካሜራው ራሱ ድምፅ ከቆራረጠ ምስሉን እዩት። ምስሉ ካሬ ካሬ እየሆነ ድምፁም አብሮ የሚቆራረጥ ከሆነ ሄዱ ቆሽሿል። በሚኒ ዲቪ ድምፅና ምስል በአንድ መስመር ላይ ጎን ለጎን ስለሚጻፉ አብረው ይታመማሉ። ማጽጃ ካሴት ለአሥር ሴኰንድ ያህል አጫውቱ፣ ከዚያ አቁሙ፤ ደጋግሞ ማጽዳት ሄዱን ይበላዋል። ክረምቱን እርጥብ ቤት ውስጥ ያሳለፈ ካሴት በመስኮቷ ሲያዩት ነጭ ሻጋታ ካለበት ከቶ እንዳታስገቡት፤ ካሜራውንም፣ ቀጥሎ የሚገባውን ካሴትም ይበክላል። ለብቻው አስቀምጡትና አሳዩን። «ኤልፒ» ተብሎ ረዘም ላለ ጊዜ የተቀረጸ ካሴት ከተቀረጸበት ካሜራ ውጭ ብዙ ጊዜ ይደናቀፋል፤ የቀረጸው ዘመድ ካሜራውን አሁንም ካልጣለው ተውሱት። ከአሜሪካ የተላከ ካሴት ደግሞ በኤንቲኤስሲ የተቀረጸ ነው፣ የኛ አገር ካሜራ ፓል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አይግባቡም። እሱን ለማስገልበጥ የአሜሪካ ካሜራ መፈለግ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ንግግሩ ካልተገኘስ? ያን ጊዜ የያዛችሁት ምን እንደሆነ ጠይቁ። ሰርግ ሲቀረጽ ጥሬው ካሴት አንድ ነገር ነው፣ ቪዲዮ ቤቱ አሳምሮ ያስረከበው ቪኤችኤስ ወይም ዲቪዲ ሌላ ነገር ነው። በኤዲቲንግ ጊዜ የተለመደው አሠራር የቦታውን ድምፅ አጥፍቶ ከላይ መንዙማ ወይም ዘፈን መጫን ነበር። ሰዎች ሲስቁ፣ ሲመርቁ፣ ሲላቀሱ ይታያሉ፤ የሚሰማው ግን ከስቱዲዮ የመጣ ዜማ ነው። ያማረ መስሏቸው ነው። በእኛ እምነት ከቴክኒክ ብልሽት ሁሉ በላይ የሰፈሩን ድምፅ ያጠፋው ይህ ልማድ ነው፤ ይህን ደግሞ ምንም ሶፍትዌር አይመልሰውም። ስለዚህ ቤተሰቡን «ቪዲዮው አለ?» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ፤ «ጥሬው ካሴት ተሰጥቷችሁ ነበር?» በሉ። ብዙ ቀራጮች ካሴት ለመቆጠብ በጥሬው ላይ የሌላ ሰው ሰርግ ደርበው ቀርጸዋል። አንዳንዶቹ ግን አስቀምጠዋል፤ ዛሬም ሱቃቸው ጓዳ ውስጥ በካርቶን የያዙ አሉ። ቀራጩ ሱቁን ዘግቶ ከሰፈር ከለቀቀ በስልክ አፈላልጉት። አንዲት እናታችን የባለቤታቸውን ድምፅ የሰሙት በዚህ መንገድ ነው፤ ዲቪዲው ላይ አንድም ቃል አልነበረም።

ጥቂት ስለ አሠራር። አንድ ሰዓት ካሴት አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ ማቻኮል የለም። መብራት ሲሄድ ሥራው እንዳይቋረጥ የካሜራው ባትሪ የተሞላ ይሁን፣ በላፕቶፕ ገልብጡ። እየተገለበጠ ሳለ ሄድፎኑ ከጆሯችሁ አይውጣ፤ ዓይናችሁ ማያ ገጹ ላይ፣ ጆሯችሁ ካሴቱ ላይ። ከመጀመራችሁ በፊት የካሴቷን መከላከያ ወደ «ሴቭ» አንሸራቱ፣ ማንም በስሕተት እንዳይቀርጽባት። የፋይሉ ስም ላይ የቤተሰቡን ስምና ዓመተ ምሕረቱን ጻፉ፤ 12 ቢት ወይም 16 ቢት፣ ስንት ቻናል እንደተገኘም ከጎኑ አስፍሩ።

የሴቶች ክፍል የተቀረጸባቸውን ካሴቶች እህቶች ብቻ ይገለብጡ፤ ለዚሁ የተለየ ኮምፒውተር አዘጋጅተናል። የማንኛውም ቤተሰብ ቪዲዮ ባለቤቱ ሳይፈቅድ ወደ ቴሌግራም አይሄድም፤ «ቆንጆ ስለሆነ» ምክንያት አይሆንም። ከተገለበጠ በኋላ ካሴቱ ለባለቤቱ ይመለሳል፤ እኛ ጋ አይከማችም።

አሁን ካሜራዎቹ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ናቸው፤ ሁለት የሶኒ፣ አንድ የፓናሶኒክ። ሚኒ ዲቪ የያዛችሁ በቀኝ በኩል፣ ቪኤችኤስና ሃይ 8 የያዛችሁ በግራ በኩል ተሰለፉ። ሄድፎን ያመጣችሁ እጃችሁን አውጡ፤ በየካሜራው ሁለት ሁለት ሆናችሁ ከማዳመጡ እንጀምራለን።